ሽንኩርት የማትበላው ባልደረባ

በካምፓላ የሚኖሩ ሐበሾች በብዙ ነገር አይስማሙም። የትኛው ሱቅ ንጹሕ በርበሬ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ዘማሪ ድምፁ እንደሚያምር፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደታየች ሲከራከሩ ዓመቱ ዞሮ ይገጥማል። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ልዩነት ኖሯቸው አያውቅም፤ ከኮሎሎ እስከ ናሙዎንጎ ድረስ እንደ አክበረት የሚጾም ሰው የለም።

አክበረት የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ኮሎሎ ላይ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ጉዞ ታዘጋጃለች፤ ሌሎች ናይሮቢና ጄኔቫ ደርሰው እንዲመለሱ ትኬትና ሆቴል ትይዛለች፤ እርሷ ራሷ ከወንበሯ ብዙም አትነሣም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ባልደረቦቿ ማቶኬ የሚባለው የሙዝ ምግብ ወደሚቀርብበት ክበብ ሲወርዱ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቆይቼ» ትላለች። ይህች «ቆይቼ» ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሁዳዴ፣ አንዱም አያመልጣትም፤ ጾም በሌለበት ቀን ደግሞ «ሆዴ ለምዶታል» የሚል መልስ አላት። ሰውነቷ ብቻ ለዚህ ዝና ምስክር ሆኖ ለመቅረብ ፈቃደኛ አልነበረም። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ግን ለዚህም ማብራሪያ አላጡም። «ታይሮይድ ነው» ይላሉ፣ ስልክ ላይ ሁለት ቪዲዮ ያየ ሰው በሚኖረው እርግጠኝነት።

ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አትሄድም ነበር። መኪናዋን ቁልቁል ወደ ናሙዎንጎ ትነዳና ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ከአንዲት አሮጌ የማንጎ ዛፍ ሥር ታቆማለች። እዚያ ሰንቶንጎ የሚባል ሰው በከሰል ምድጃ ላይ ቻፓቲ የሚሉትን ስስ ቂጣ ይጋግራል፤ እንቁላል ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር መትቶ ይጠብሳል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ይጠቀልልና ሮሌክስ ብሎ ይሸጣል።

«ስምንት» ትለዋለች።

«ዛሬም ሁሉም ገብተዋል ማለት ነው፣ ኛቦ?» ይላታል፤ ኛቦ በአገሩ ቋንቋ «እመቤቴ» እንደ ማለት ነው።

«ሁሉም ገብተዋል። ሥራ በዝቶብን እናመሻለን።»

«ለአለቃው ቃሪያ ይጨመርለት?»

«ትንሽ።»

«የዚያችኛዋስ ያለ ሽንኩርት?»

«የእርሷ ያለ ሽንኩርት።»

የሚያመሽ ሰው አልነበረም። አለቃው፣ ነፍሰ ጡሯ ጸሐፊ፣ ሁለቱ ሾፌሮች፣ ሽንኩርት የማትበላዋ፣ ሁሉንም አክበረት እዚያው ምድጃው ፊት ቆማ የፈጠረቻቸው ናቸው። ድርሰት ብትሞክር ሳይዋጣላት አይቀርም ነበር፤ ችግሩ ገጸ ባሕርያቷን በተወለዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጨረሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ይመስላል። የመኪናው መስኮት ይዘጋል፤ የትኩሱ ቻፓቲ እንፋሎት መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ በውጭ ያለችው ዓለም፣ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ሳይክሎች፣ የሙዝ ዘለላ የተሸከሙት ሴቶች፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ጡረተኛ ዳኞች ቆመው ቁልቁል የሚመለከቱት አባ ኮዳ የተባሉ ግዙፍ ወፎች፣ ሁሉም ቀስ እያሉ ወተት ውስጥ ይሰምጣሉ። እጇ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የመጀመሪያው ይጣፍጣል፤ ሁለተኛው ሙቀት ብቻ ነው፤ ከሦስተኛው ወዲያ ያለው ጣዕምም ሙቀትም የለውም፣ ከውሃ ሥር ሆነው የሚሰሙት ሩቅ ደወል ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የፊተኛዋን ሴት ትከሻ የምታይ ይመስላታል። «ይብቃሽ» ልትላት ትፈልጋለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ከዚያ የጭነት ባቡሩ ያልፋል፤ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ አክበረት ትነቃለች። ጭኗ ላይ ቅባት የጠጣ ስምንት ወረቀት ታገኛለች። ሆዷ ያማታል፤ ከሆዷ ይልቅ የሚያማት ሌላ ነው። «ነገ ምንም አልቀምስም» ትላለች። ቃሏንም ትጠብቃለች፤ እስከ ማግስቱ ዐሥር ሰዓት።

ነገሩ የጀመረው ከእንግዶች ነው። ወደ ካምፓላ በመጣች በሁለተኛው ዓመት እናቷ አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። የሰውን ሁሉ ጉዞ የምታሳካው አክበረት፣ ፓስፖርቷ ለእድሳት ገብቶባት ለቀብር ሳትደርስ ቀረች። የካምፓላ ሐበሻ ግን ለቅሶ መድረስ ያውቃል። ሰባት ቤተሰብ እዝን ይዞ መጣ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አልጫው፣ የእንጀራው መሶብ ወጥ ቤቷን ሞላው። አጽናንተዋት ሄዱ። በማግስቱ ካምፓላ የምታውቀውን ዓይነት ዝናብ አወረደች፤ መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ቀትር ላይ አክበረት የአንዱን ዕቃ ክዳን ከፈተች። የቀረውን አታስታውስም። ዝናቡ ሲያባራ ሰባቱም ዕቃ ባዶ ነበር። አጥባ መለሰችላቸው፤ ባለዕቃዎቹም ደስ አላቸው።

«እንኳን አስተዛዛኝ አላጣሽ» አሏት።

«ብዙ ሰው መጣ» አለች። የመጀመሪያዎቹ ሰዎቿ የተፈጠሩት ያን ዕለት ነው።

ባለፈው ጥር ጉንፋን ይዟት አንድ ሳምንት ተኛች። ተሽሏት ወደ ማንጎው ዛፍ ስትመለስ ሰንቶንጎ ሊጡን ትቶ ተነሣ።

«ጠፋችሁ እኮ፣ ኛቦ! ሁላችሁንም አስቤያችኋለሁ። ይልቁንም ያቺን ሽንኩርት የማትበላዋን።»

«ለምን እርሷን?»

«የሰባቱን እጄ ነው የሚሠራው። የእርሷን ግን አስቤ ነው የምሠራው። ደህና ናት?»

አክበረት «ደህና ናት» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነበር።

«ደህና አይደለችም።»

«ምን ሆነች?»

«እንጃ። መብላት ትጀምርና… ማቆም ያቅታታል። ራሷ አይደለችም፣ በዚያ ሰዓት።»

ሰንቶንጎ ቻፓቲውን ገለበጠ። አልሳቀም። «ታዲያ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት እንጂ! ሰባት ሰው ሆናችሁ አንዲት ሴት ማድረስ ያቅታችኋል?»

ስምንቱም ሆነው ወሰዷት።

ክሊኒኩ ሜንጎ ኮረብታ ላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ማዶ ያለ፣ ግድግዳው በሐረግ የተሸፈነ ቤት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ናንተዛ ትባላለች፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሁልጊዜ የምትፈልገው፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች ሴት ናት። አክበረት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስትጨርስ ቅጣቷን ለመቀበል እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ምን ልተው?»

«ምንም አይተዉ» አለች ናንተዛ። «ይህ ሕመም ነው፤ ስምም አለው። ሆዳምነትም ስንፍናም አይደለም፤ እዚህ ወንበር ላይ አስተማሪም ሰባኪም ተቀምጦበታል። ይታከማል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። ለአንድ ሳምንት መቼ እንደበሉ፣ ምን እንደተሰማዎት ብቻ እየጻፉ ያምጡልኝ።»

በሳምንቱ ናንተዛ ወረቀቱን ስታነብ ግንባሯ ተኮማተረ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበርና ሰዓቱን ያነበበችው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ስሌት አክበረት ሻይዋን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትጠጣለች፣ የምሳ ሰዓቷንም ዶሮ ሲጮኽ በባዶ ሆድ ታሳልፋለች።

«ይህ ሁሉ ሲሆን መቼ ይተኛሉ?»

አክበረት የሐበሻን ሰዓት አስረዳቻት፤ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ በወጣች በአንድ ሰዓቱ እንደሆነ። ናንተዛ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ ሳቀች። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም! በእኛም ቋንቋ እኮ ጠዋቱ ሳዋ ኤሙ፣ አንድ ሰዓት ነው። እናቴ ይህን ወረቀት ብታየው ከእኔ ይልቅ ይገባት ነበር።» ወረቀቱን ገልብጣ እንደገና በአያቶቿ ሰዓት አነበበችው፤ ሳቋም ቀስ በቀስ ከሰመ። «ከአንድ ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ምንም የለም።»

«ጾም ነው።»

«በየቀኑ?»

አክበረት የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

«ጾሙን አልወቅስም፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት። ሕመምዎ ግን ጾምን ልብስ አድርጎ ለብሶታል። ቀኑን ሙሉ ራስዎን ያስርባሉ፤ ዐሥር ሰዓት ላይ የተራበው ሰውነትና ያዘነው ልብ ባንድ ላይ ይመጣሉ። መድኃኒቱን አሁን ልዘዝልዎት። ቁርስ ይብሉ።»

«ቁርስ?»

«ቁርስ። ረፋድ ላይ ትንሽ ነገር፣ ከዚያ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። ከአራት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ የለም። በየሳምንቱም ይምጡ፤ ስለ እናትዎ ገና አልተነጋገርንም።»

አክበረት የተሳሳተ በር የገባች መሰላት። ቢሆንም ሞከረችው። የመጀመሪያዎቹን ጠዋቶች አቮካዶና ዳቦዋን እንደ ሌባ ወጥ ቤት ቆማ በላች። በአምስተኛው ቀን ተቀመጠች። በዐሥረኛው ቀን መስኮቱን ከፍታ፣ ጭጋጉ ከኮረብታዎቹ ላይ ቀስ በቀስ እንደሚገፈፍ ነጠላ ሲነሣ እያየች ሻይዋን ጨረሰች፤ በዚያ ቀን ማምሻውን ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነበር በማንጎው ዛፍ አጠገብ ሳትቆም ማለፏን ያስታወሰችው። ረስታው አለፈች። ይህን ቃል ወረቀቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፈችው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ምሥራቅም ደወለች።

ምሥራቅ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናት፤ ድምፅዋ ስልክ የማያስፈልገው፣ ለሰው ያላትን ፍቅር በጉርሻ መጠን የምትለካ።

«አክበረትዬ! መጋቢት ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም እኔ ቤት ነው። ወጣቶቹ ይመጣሉ፤ ስለ ጾም አንቺ እንድትነግሪያቸው ወስነናል።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልንገራቸው? ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰዓት የማይ ሰው!»

አክበረት «እሺ» አለች። ስልኩን እንደዘጋች ግን ቁርስ የሚበላ አንደበት ስለ ጾም ሊያስተምር እንደማይችል ታያት። እስከዚያ ቀን በወጉ ልጹም አለች። ሰኞ ቻለች። ማክሰኞ ቻለች። ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ባቡሩ ሲያልፍ ነቃች፤ መስታወቱ ወተት ለብሷል፣ ስምንቱም ወረቀት ባዶ ነው፣ እንቁላል በሁዳዴ።

ናንተዛ አልተቆጣቻትም። «ጾሙን የሚያዝዝልዎት ማን ነው? ሐኪም ነው ካህን?»

«ካህን።»

«እንግዲያው እርሱን ይጠይቁ። እኔ ቁርስ ብቻ ነው ማዘዝ የምችለው።»

የንስሐ አባቷ አባ ኃይለመስቀል አጭር፣ ቀልድ ቶሎ የሚገባቸው፣ ሲቀመጡ እግራቸው ምንጣፉን የማይነካ መነኩሴ ናቸው። አክበረት ከፊታቸው ተንበረከከች።

«አባ፣ ሐኪም መድኃኒት አዝዛልኛለች።»

«ይማርሽ ልጄ። ለታመመ ሰው ጾም እንዲፈታ መፍቀድ አዲስ ነገር አይደለም። ክኒን ነው መርፌ?»

«ቁርስ ነው፣ አባ።»

አባ ኃይለመስቀል መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «በቀን ስንት ጊዜ?»

«ከነመክሰሱ አምስት ጊዜ።»

«ይህችን ሐኪም እኔም በወጣትነቴ ባገኘኋት» አሉ፤ ፊቷን ሲያዩት ግን ሳቃቸውን መለሱት። «ተነሥተሽ ተቀመጪ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ሰባቱን ባዶ ዕቃ፣ የማንጎውን ዛፍ፣ አለቃውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ሾፌሮቹን። ውጭ ዝናብ ጀመረ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ።

«ዘጠኝ ዓመት እኔ ዘንድ እየመጣሽ ‹ሰው አማሁ› ነው ስትዪኝ የኖርሽው» አሉ በመጨረሻ።

«አፈርኩ፣ አባ።»

«በይ ስሚ። ምግቡ የጾም ይሁን፤ ሰዓቱ ሐኪምሽ እንዳለችሽ። ለሕመም ቀኖና አልሰጥም። ለመደበቁ ግን እሰጣለሁ። ከእንግዲህ ተደብቀሽ አትብዪ፤ የምትበዪውን በሰው ፊት ብዪ። የዘንድሮ ጾምሽ ይኸው ነው።»

«ይኸኛውማ ይከብዳል።»

«ጾም ቀላል ነው ያለሽ ማነው?»

መጋቢት ሃያ ሰባት ጠዋት የማኅበሩ ሴቶች ምሥራቅ ወጥ ቤት ተሰብስበው ለዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ ሽንኩርት ይከትፋሉ። የሁሉም ዓይን ቀልቷል። አራት ሰዓት ሲሆን የአክበረት ስልክ የማስታወሻ ደወሉን አሰማ። ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ እጇን ታጠበች፤ ከቦርሳዋ ሁለት ሙዝና ጥቂት ለውዝ አወጣች። ያኔ ከበርጩማዋ እስከ ጓሮው በር ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካችው። አምስት እርምጃ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ማንም የለም። ልቧ እዚያ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ እዚያው በርጩማዋ ላይ ሆና ሙዙን ላጠችው፤ ጎረሰችው።

ቢላዋዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

«አክበረት! ጾም ነው እኮ!» ምሥራቅ ከበርጩማዋ ዘላ ተነሣች። «ዘንግታ ነው! ትፊው! ሳይወርድ ትፊው!»

«አልዘነጋሁም።» አክበረት አኝካ ዋጠች። «መድኃኒቴ ነው።»

«ሙዝ?»

«በሰዓቱ መብላት። አባ ያውቃሉ።» ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ነገረቻቸው። ማንም አላቋረጣትም፤ በዚያ ማኅበር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

«ቆይ ቆይ» አለች ምሥራቅ። «እኔ አንቺን እያየሁ፣ ‹አክበረት ከቻለች እኔስ ለምን አልችልም› እያልኩ ራሴን ሲያዞረኝ፣ ግድግዳ ይዤ ስቆም… አንቺ ሮሌክስ?»

«ስምንት።»

«ስምንት!» ምሥራቅ በሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አንዲቱ ከኋላ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ተዛመተ፤ አክበረትም ራሷ ሳቀች። ምሥራቅ ብቻ አልሳቀችም። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ የሚያስፈልገው ሆነ።

«ብቻሽን ነበር የምትበዪው?»

«ብቻዬን።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

አክበረት ራሷን ነቀነቀች። ምሥራቅ በርጩማዋን ጎትታ አጠገቧ አስጠጋች፤ ሁለተኛውን ሙዝ አንሥታ ላጠችላት፤ እርሷ ጾሟን ሳትፈታ፣ አክበረት በልታ እስክትጨርስ ትከሻዋ ትከሻዋን እየነካ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ በቂ ምክንያት ስለነበረ ማንም ለምን እንደሚያለቅስ አልተጠየቀም።

ለወጣቶቹ ያደረገችው ንግግር አጭር ነበር። ጾም መሸሸጊያ ሲሆን ሰውን እንደሚያሳምም፣ ለዚያም ሐኪምም ካህንም እንዳለ ተናገረች። በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ አብራት የመጣችውን ጎረቤቷን ተስኒምን በር ላይ ትታ ተከትላት መጣችና የሜንጎውን ክሊኒክ ስልክ ቁጥር ጠየቀቻት።

«ለጓደኛዬ ነው» አለች፣ ምድር ምድር እያየች።

«ጓደኛሽን ራስሽ ውሰጃት» አለች አክበረት። «ከእኔም ሰላም በያት።»

ማዕዱ ላይ ምሥራቅ በልምዷ የሕፃን ጭንቅላት የምታህል ጉርሻ ጠቀለለች፤ አክበረት ግን ለጊዜው በራሷ እጅ ብቻ እንደምትበላ ነግራት ነበር። ጉርሻው በአየር ላይ ቆመ፤ ወዲያ ወዲህ አመነታ፤ በመጨረሻ ወደ ባለቤቱ አፍ ተመለሰ። «ለእኔስ ማን አለኝ» አለች ምሥራቅ፣ አፏ ሞልቶ።

ከዚያ ወዲህ አክበረት ሁለት ጊዜ ወደ ደበዘዘው መስኮት ተመልሳለች። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ቁርሷን በልታለች፤ ለምሥራቅም ደውላ ነግራታለች፤ ምሥራቅም «ስንት?» ብላ ጠይቃ፣ ስድብና ምርቃት ቀላቅላ አውርዳባታለች። ሐሙስ ሐሙስ ሜንጎ ትወጣለች። ስለ እናቷ መነጋገር ጀምረዋል።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ከማንጎው ዛፍ ሥር አቆመችና ከመኪናው ወረደች።

«ኛቦ! ስምንት?»

«አንድ።»

ሰንቶንጎ ከኋላዋ መኪናውን አየ። «ሌሎቹስ?»

«ሥራ ለቀቁ።»

«አለቃውም?»

«እርሱ ነው የመጀመሪያው።»

እንቁላሉን ሰበረ፤ እጁን ወደ ተከተፈው ሽንኩርት ሰደደና አንድ ነገር ትዝ አለው። «ያቺስ? ሐኪም አደረሳችኋት?»

«አደረስናት። ቁርስ ብዪ አሏት።»

«ቁርስ ብቻ?» ሰንቶንጎ በሐኪሞች ተገረመ። «ይህንንማ እኔም እነግራት ነበር። ይኸኛው እንግዲህ የማን ነው?»

«የእርሷ» አለች አክበረት፤ ደንበኞች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይም ተቀመጠች።

ሰንቶንጎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ የሽንኩርቱን ሳህን ወደ ጎን ገፋው፤ የእርሷን ሲሠራ እንደሚያደርገው፣ እያሰበ፣ ቀስ ብሎ እንቁላሉን መምታት ጀመረ። ቦዳዎቹ ያልፋሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ከጣሪያው ላይ ይፈርዳሉ። የጭነት ባቡሩ መጣ፤ ምድር ተንቀጠቀጠች። አክበረት ግን ቀድማ ነቅታ ነበር፤ በእጇ ያለው ሮሌክስ ገና ግማሹ እንኳ አልተበላም፤ ቲማቲሙ ቲማቲም ቲማቲም ይላል።